ከወንዛችን የተቀዳው ዕውቀት ወደ ሠፈራችን ይመለስ

ርእሰ አንቀጽ



በሞጆ ድልድይ በኩል የሚመላለስ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያይ አልቀረም። የላስቲክ ቦት ጫማ ያጠለቁ ወጣቶች ጠርሙስና የበረዶ ሣጥን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ጥቂት ውኃ ይቀዳሉ፤ በጠርሙሱ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ፤ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ይሄዳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ወረቀት ይዘው በየቤታችን ይመጣሉ። «ለልብስ ማጠቢያ ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? ከብቶቻችሁ የት ይጠጣሉ? በዚህ ዓመት ሆዱን ያመመው ልጅ አለ?» እያሉ ይጠይቃሉ። እናቶቻችንም ቡና እያፈሉ፣ ሥራ እያስፈቱ ይመልሱላቸዋል። ቀበሌውም የትብብር ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል።

ከዚያስ? ከዚያማ እንግዶቹ ሄዱ። የተቀዳው ውኃ ምን እንደተገኘበት፣ እናቶች የመለሱት መልስ ምን እንደሆነ፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ያነበብንበት ጊዜ የለም። ይህን የምንለው አንድን ተቋም ወይም አንድን ተማሪ ነጥለን ለመውቀስ አይደለም። ከጠየቅን እኛም አልጠየቅንም። ዳሩ ግን ጉዳዩ የምንበላውንና የምንጠጣውን የሚነካ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ዝም ማለት አይገባም ብለን ይህን ርእሰ አንቀጽ ጽፈናል።

እንደሚታወቀው ሁሉ ሞጆ የመንገድ ከተማ ናት። ባቡሩ፣ የአዳማውና የሐዋሳው መንገድ መገንጠያ፣ ኋላም ደረቅ ወደቡ ሰውንና ዕቃን ወደዚህ አምጥተዋል። የቆዳ ፋብሪካዎችም የመጡት ውኃው፣ መንገዱና ለአዲስ አበባ ያለው ቅርበት ስቧቸው ነው። ከእነዚህ ፋብሪካዎች ደመወዝ የሚበላ ቤተሰብ በሠፈራችን ብዙ ነው። ከወንዙ ዳር ደግሞ በሞተርም በባልዲም ውኃ እየሳበ ጎመን፣ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ ወገን አለን። የአንዱ እንጀራ ከፋብሪካው በር፣ የሌላው እንጀራ ከወንዙ ዳር ነው። ሁለቱም የሠፈራችን ልጆች ናቸው። ስለዚህ ስለ ወንዙ ስንነጋገር ስለ ሁለቱም ጉሮሮ እየተነጋገርን መሆኑን አንርሳ።

ለመሆኑ ቆዳ ሲለፋ ምን ይሆናል? ጥሬው ቆዳና ሌጦ በጨው ታሽቶ ይመጣል። መጀመሪያ ጨውና ደሙ እንዲለቅ በውኃ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ ጠጉሩ እንዲመለጥ በኖራና በሰልፋይድ ይነከራል። በመጨረሻም እንዳይበሰብስ በክሮም ጨው ይለፋል። ለ1 ቶን ጥሬ ቆዳ ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ የሚደርስ ውኃ ይፈስሳል። ከዚያ ከ1 ቶን ውስጥ ያለቀ ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የቀረውስ? ፍርፋሪ፣ ስብ፣ ጠጉርና ጭቃ ሆኖ ወይ ይደፋል፣ ወይ ከውኃው ጋር ይሄዳል። አንዳንድ ቀን አፍንጫችንን የሚያስይዘን የተበላሸ ዕንቁላል ሽታ ከሰልፋይዱ የሚመጣ ጋዝ ነው። ጠጉሩና ስቡ በውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ደግሞ ዓሣውና ሌላው ነፍሳት የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርስበታል።

ይህን ሁሉ ከጭምጭምታ አላገኘነውም። ምሁራን በወንዛችን ላይ ከ20 ዓመት በላይ ሲመራመሩ ቆይተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሥዩም ለታ ከፋሲል አሰፋና ከስዊድን አገር ባልደረባቸው ጋር ሆነው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ምን ምን እንደያዘና የሞጆን ወንዝ ከፋብሪካ በታች እንዴት እንደሚበክል ያጠኑትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። ጥናቱ የወጣው በዚሁ በአገራችን የሥነ ሕይወት መጽሔት ነው። በተከታዩ ዓመት በ2004 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ሌላ ሥራ አወጡ። ይኸውም በአገር ውስጥ በተተከለ የሙከራ ጣቢያ፣ በባክቴሪያ አማካይነት ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ የሚበሰብሰውን ቆሻሻና ናይትሮጅኑን ማስወገድ እንደሚቻል ያሳየ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በምሥራቅ አፍሪቃ አገሮች በተካሄደው ባዮ ኢኖቬት በተባለው ፕሮግራም አማካይነት፣ የሙከራ ማጣሪያ እዚሁ በሞጆ በአንድ የቆዳ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ተሠራ። አሠራሩን በቀላል ቋንቋ እንናገረው። ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በማይገባበት ጋን ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እየበሉ ባዮጋዝ ይሰጣሉ፤ ጋዙም ለማገዶ ይሆናል። ቀጥሎ በአንድ ገንዳ ውስጥ አየር እየተነፋበትና እያረፈ በተራ በተራ ይጣራል። በመጨረሻ ጠጠር በተሞላና ሸምበቆ በተተከለበት መደብ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። በሸምበቆው ሥርና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕዋሳት የቀረውን ይለቅሙታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዲህ ደረጃ በደረጃ የተጣራ ፍሳሽ ለመስኖ ዳግም የሚውልበትን መንገድ ያመለክታል።

እስቲ አስቡት! ሸምበቆ አያቶቻችን ቤት የሠሩበት፣ ከወንዛችን ዳር በገዛ ራሱ የሚበቅል ተክል ነው። እሱን ከሳይንስ ጋር አገናኝቶ ለከተማችን ችግር መፍትሔ መፈለግ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም እውነቱን እንናገር፤ ሸምበቆው ተአምር አይሠራም። የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ክሮምን ግን የሚበላ ፍጡር የለም። ክሮም ከውኃው ቢወጣ ወደ ዝቃጩ ይገባል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ የክሮሙ ውኃ ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቀል ለብቻው መያዝና ክሮሙም ተመልሶ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ዝቃጩም የት እንደሚደፋ መታወቅ አለበት። «ማጣሪያ አለን» ሲባል «ዝቃጩስ የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ከእንግዲህ የሁላችንም ፋንታ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኃይሉ ረታ ገበየሁና ለታ ዳንኖ ባይሣ፣ በሞጆ አካባቢ የሚመረተውን ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ከነአፈሩ መርምረው ያገኙትን በውጭ አገር መጽሔት አሳትመዋል። እንደ ጥናቱ በአፈሩም በአትክልቱም ውስጥ ከተፈቀደው መጠን ያለፉ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። ለረጅም ጊዜ አዘውትሮ ለሚመገበው ሰው ጤና ያሰጋል የሚል ማስጠንቀቂያም ሰጥተዋል። ሥጋቱ ከቲማቲሙ ይልቅ በጥቅል ጎመኑ ላይ የጎላ ሆኖ አግኝተውታል።

ይህን ወረቀት ማን አነበበው? በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በሠንጠረዥና በቀመር የተሞላ ነው። ጎመኑን የሚዘራውም፣ የምትሸጠውም፣ ለልጆቿ የምትቀቅለውም ወሬው አልደረሳቸውም። አትክልቱ ከእኛ ጓሮ ሄዶ ተመረመረ፤ ውጤቱ ግን ባሕር ተሻግሮ ቀረ።

ይህን ጉዳይ በዚህ ሰሌዳ ላይ ከማውጣታችን በፊት በኮሚቴያችን ውስጥ ብዙ ተከራክረናል፤ እሱንም አንደብቃችሁም። ከመካከላችን አንዳንዱ «ይህን ብንጽፍ የአትክልተኞቹን ገበያ እንገድላለን፤ ልጅ የሚያሳድጉት በዚያችው መደብ ነው፤ ምን ልንሰጣቸው ነው?» አለ። ሌላው ደግሞ «ባንጽፍ የሚበላው የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመጨረሻ የተስማማነው ግን በሁለተኛው ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉትም እንዲህ ላለው ነው። ከባድ ብረት ዛሬ በልተውት ነገ አይጥልም፤ ቀስ እያለ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል።

ቢሆንም ነገሩን ከልኩ አናሳልፍ። ጥናቱ የሚናገረው ከተወሰኑ ማሳዎች ስለተወሰዱ ናሙናዎች ነው። «የሞጆ ቲማቲም ሁሉ መርዝ ነው» የሚል ቃል ከእኛ አልወጣም፤ እንዲህ እያለ የሚያስወራ ካለም ሐሰተኛ ነው። አንዱ መደብ በጉድጓድ ውኃ ይለማል፣ ሌላው በወንዙ፤ አንዱ ከፋብሪካ በላይ ነው፣ ሌላው በታች። የትኛው መደብ ደኅና ነው፣ የትኛውስ ያሰጋል? ይህን የሚመልስልን ወሬ አይደለም። የሚመልስልን መደብ በመደብ የሚደረግ ምርመራ ነው። ምርምሩ እንዲመለስልን የምንጠይቀውም ለዚሁ ነው። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ይታወቅ፦ አትክልትን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ጭቃውንና ተሕዋስያኑን ያስወግዳል፤ በሥሩ በኩል ወደ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም።

ዕውቀት ዘግይቶ ሲደርስ ምን እንደሚያስከትል ከሌላው ዓለም እንማር። በጃፓን አገር ሚናማታ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ እንግዳ በሽታ ተገኘ። የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መርምረው፣ ምክንያቱ ከዓሣው ጋር የሚበላ የሜርኩሪ ዓይነት መሆኑን በ1959 አስታወቁ። የአገሩ መንግሥት ግን በሽታው ከፋብሪካው ፍሳሽ የመጣ መሆኑን በይፋ ያመነው በ1968 ነው። በመካከሉ 9 ዓመት አለፈ፤ ፍሳሹም ወደ ባሕሩ መውረዱን አልተወም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በሽታ አለ ማለታችን አይደለም። ማለታችን፣ ዩኒቨርሲቲው ስላወቀ ብቻ ሕዝቡ አይድንም ነው።

በሕንድ አገር ደግሞ በጋንጅስ ወንዝ ዳር ካንፑር የምትባል እንደ እኛው የቆዳ ፋብሪካ ከተማ አለች። አንድ ጠበቃ ስለ ወንዙ ከስሶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ፋብሪካዎቹ የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ ሳያቆሙ ፍሳሽ እንዳይለቁ አዘዘ። ሰውየው ከወንዙ ዳር መሬት ያለው አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱ ግን አቤቱታውን ሰማው። ይሁን እንጂ ጋንጅስ ዛሬም ገና አልጠራም። ከዚህ የምንማረው ትዕዛዝ ብቻውን ወንዝ እንደማያጠራ ነው፤ በየቀኑ የሚከታተል የነዋሪ ዐይን ያስፈልጋል።

በአገራችንም ሕጉ የለም አይባልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ ስለ አካባቢው በሚነደፈው ነገር ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው «ጉዳቱ በቀጥታ ነክቶኛል» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅም ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር ኅብረተሰቡን የማገልገል ግዴታ እንዳለባቸው ይገልጻል። እንግዲህ የምንጠይቀው ችሮታ ሳይሆን የሚገባንን ነው።

ስለሆነም ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ ለውይይት ያቀርባል።

አንደኛ፤ ከማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተመራማሪ የትብብር ደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ከመቅዳቱ በፊት በስብሰባችን ላይ ተገኝቶ ምን እንደሚለካና ለምን እንደሚለካ በአማርኛና በኦሮምኛ እንዲያስረዳ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ሁለተኛ፤ ሥራውን ሲጨርስ ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ ያለ ቀመር፣ በሁለቱም ቋንቋ ጽፎ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ። ጉዳዩ አትክልትን የሚመለከት ከሆነ፣ ገበያው ከመስማቱ በፊት አትክልተኞቹ ራሳቸው ቁጭ ብለው ይስሙ። «መደብህ ያሰጋል» የሚባለው ሰው «ታዲያ ምን ልዝራ? ከየትስ ላጠጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ዩኒቨርሲቲውም መልሱን አብሮ ይዞ ይምጣ። የማይበላ ነገር፣ ለምሳሌ ችግኝና አበባ፣ ማልማት ይቻል ይሆናል፤ የጉድጓድ ውኃ ማውጣትም ይቻል ይሆናል። ሰውን ከመደቡ አስነሥቶ በባዶ እጁ መተው ግን የምርምር ፍሬ አይባልም።

ሦስተኛ፤ የወንዝ መዝገብ እንክፈት። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ልጆች ከመምህራቸው ጋር በየወሩ በአንድ ቀን፣ ከድልድዩ ላይ ሆነው የውኃውን ቀለም፣ ሽታ፣ ሙቀትና አሲድነት ይመዝግቡ። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ቴርሞሜትርና ጥቂት የአሲድ መለኪያ ወረቀት ነው። ወደ ውኃው አይግቡ፤ በእጃቸውም አይንኩት። ተመራማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ወንዙ ግን ሌሊትም ይፈስሳል። «በዚያ ወር ውኃው ጠቁሮ ነበር» ብሎ የሚመሰክር መዝገብ ካለን ለዩኒቨርሲቲውም፣ ለመሥሪያ ቤቱም፣ ለፋብሪካውም የሚጠቅም ማስረጃ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስንጠይቅ የራሳችንን ጉድፍም እናውጣ። ፌስታሉን ወደ ቦይ የሚወረውረው ማነው? ሽንት ቤቱን በክረምት ጎርፍ የሚለቅቀውስ? መኪናውንና ሞተሩን ከወንዙ ዳር አጥቦ ዘይቱን የሚደፋው ከውጭ አገር መጣ እንዴ? ፋብሪካን «ፍሳሽህን አጣራ» የሚል ሠፈር የራሱን ቦይ ማጽዳት አለበት። አለዚያ የሚሰማን የለም፤ ቢሰማንም ይስቅብናል። የየብሎኩ ተጠሪዎች ከክረምቱ በፊት የቦይ ጽዳት ቀን እንዲወስኑ ከወዲሁ እናሳስባለን።

ከዚህም ሌላ ከእኛ በታች ሰው እንዳለ አንዘንጋ። የሞጆ ወንዝ ሄዶ ሄዶ ወደ ቆቃ ይገባል። ቆቃ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ የያዘው የአዋሽ ውኃ ነው። ከቆቃ በታች አዳማ ከአዋሽ ቀድታ አጣርታ ትጠጣለች፤ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ ያጠጡበታል፤ አፋር ከብቱን ያጠጣበታል። ከእኛ በላይ ያለው ሲያደፈርስብን እንደምናዝን ሁሉ፣ ከእኛ በታች ያለውም በእኛ ያዝናል።

ወደ ፊት ከተማችን በቆዳ ሥራ ይበልጥ ታድጋለች ተብሎ የሚታቀደው ብዙ ነው። እኛም እድገቱን እንወዳለን፤ ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ። ግን የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚሁ ወንዝ ይጠጣል፣ ወደዚሁ ወንዝ ይተፋል። ምሁራኑ በጠጠርና በሸምበቆ መንገዱን አሳይተዋል። መንገዱ ከሙከራ አልፎ የከተማችን አሠራር እንዲሆን ግን የሚጠይቅ ነዋሪ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጠርሙስ ይዘው ወደ ወንዙ የሚወርዱትን ልጆች ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ቀርባችሁ ሰላም በሏቸው፤ ልጆቻችን ናቸው። መንገዱን አሳዩአቸው፤ የሚጠይቁትን በእውነት መልሱላቸው። ሲጨርሱም «ልጄ፣ ያገኘኸውን መቼ ትነግረናለህ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ቀኑንም አስጽፏቸው። እኛም ቀኑን በዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ቀኑ ሲደርስም እንጠብቃቸዋለን።